የድሮ የሹራብና የዳንቴል ንድፍ ስታካፍሉ ከነመፍቻው ላኩ

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጅ አንድ የድሮ የሕፃን ሹራብ ንድፍ ላክሁላት። እሷ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለመውለድ አንድ ወር ያህል ቀርቷት ነበር። ንድፉ እንግሊዝ አገር የታተመ፣ አራት ገጽ ያለው፣ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት ነው። አራቱንም ገጽ በስልኬ አነሳሁና ላክሁላት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። በቃ፣ ጨርሻለሁ ብዬ ተኛሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሹራቡ ፎቶ መጣ። ከሥሩ «አንቺ፣ ይሄ ለመንታ ነው እንዴ?» ይላል። ቁመቱ ልክ የሕፃን ነው። ወርዱ ግን ሌላ ሕፃን ይጨምራል።

ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ወረቀቱ «8 ቁጥር መርፌ» ይላል። እሷም እዚያው ሱቅ ሄዳ 8 ቁጥር ገዛች። የእንግሊዝ የድሮው 8 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው 8 ቁጥር ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያች አንድ ሚሊ ሜትር ወርዱ በአንድ አምስተኛ ያህል ሰፋ። ቁመቱ ለምን አልተበላሸም? የድሮ ንድፎች ወርድን በቆጠራ፣ ቁመትን ግን አብዛኛውን ጊዜ በኢንች ነው የሚናገሩት። «ይህን ያህል ኢንች እስኪሞላ ሥሪ» ይላሉ። እሷም በሜትር እየለካች ሠርታለች።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ብቻውን አልልክም። አንድ ተጨማሪ ገጽ አያይዛለሁ። «መፍቻ» እለዋለሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ያንን መፍቻ እንዴት እንደማዘጋጅ፣ ከዚያም በፊትና በኋላ ምን እንደማደርግ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መርፌው ላይ የሚሰካውን የክር ቀለበት «ዓይን» እያልኩ እቀጥላለሁ። እናንተ ቤት ሌላ ስም ካለው በዚያው አንብቡት።

1. ያላችሁን ለዩ

ሳጥኑን ክፈቱና ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። አንድ ሹራብ ብቻ የያዘ ቀጭን ወረቀት ቀላሉ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው አለ። መጽሔት ከሆነ ተጠንቀቁ። መጽሔቶች የምህጻረ ቃላቱን ፍቺ የሚያትሙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ አንዳንዴ ጭራሽ በተለየ ወረቀት ላይ። ሹራቡ ያለበትን ገጽ ብቻ ቀዳችሁ ከላካችሁ፣ የምትቀበለው ሰው እጅ ላይ የሚደርሰው የተቆለፈ ሳጥን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ወረቀት የሌለው ነው። የተሠራው ዳንቴል ራሱ ንድፍ ይሆናል። እኛ አገር አብዛኛው ሙያ የተላለፈው በዚህ መንገድ ስለሆነ ከታች ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

2. ወረቀቱን አድኑት

ቀጭን ወረቀት የምትያያዝበት ስቴፕል ከዛገች፣ ዝገቱ ወረቀቱን እየበላ ይሄዳል። በቀጭን ቢላ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጥርሶቿን አቅኑና አውጧት። በጣት አትጎትቱ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ዛሬ ያምራል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቢጫ ይሆንና ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። ላሚኔት ማስደረግንም እርሱት፣ መመለሻ የለውም። ንጹሕ ፕላስቲክ ዶሴ ውስጥ አጋድማችሁ፣ ክረምት እርጥበት ከማይገባበት ቦታ አስቀምጡ። ወለል ላይ ያለ ካርቶን ውስጥ ብቻ አይሁን።

3. መላክ ይፈቀዳል ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «የድሮ ነውኮ፣ ማን ይጠይቃል» ይላል። የድሮ መሆኑ ብቻውን ነፃ አያደርገውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህ አዋጅ የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይቆጥራሉ። አሜሪካ ለድሮ ኅትመት ስሌቱ ይለያል፤ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ 95 ዓመት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1930 የታተመ ንድፍ አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ከ1931 እስከ 1963 የታተሙና ባለቤቶቻቸው በ28ኛው ዓመት መብቱን ያላሳደሱላቸው ብዙ የአሜሪካ ኅትመቶችም ነፃ ናቸው። ነገር ግን መታደስ አለመታደሱን መዝገብ አይቶ ማረጋገጥ ይጠይቃል። ያን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ መብቱ እንዳላበቃ ቁጠሩት።

ስሌቱ በምሳሌ ይቅለል። ቴሬዝ ደ ዲልሞን የምትባል ኦስትሪያዊት የመርፌ ሥራ ባለሙያ ነበረች። ዲኤምሲ ከሚባለው የፈረንሳይ ክር ኩባንያ ጋር እየሠራች በ1886 ትልቅ የመርፌ ሥራ ኢንሳይክሎፒዲያ አወጣች። የሹራብም የኪሮሽም ምዕራፍ አለው። የሞተችው በ1890 ነው። በየትኛውም ስሌት ብትሄዱ ጊዜው አልፏል። ቅዱት፣ አትሙት፣ ለሰፈሩ ሁሉ አድሉት።

በተቃራኒው ብዙ ቤት ያለውን ቡርዳ ውሰዱ። አኔ ቡርዳ መጽሔቷን የጀመረችው በ1950 ኦፈንቡርግ፣ ጀርመን ነው። ሽፋኑ ቢበጣጠስም፣ ቀለሙ ቢነጣም መብቱ አልወደቀም። ስለዚህ የቡርዳን ገጽ ቀድታችሁ አምስት ሺህ ሰው ላለበት ቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁ። ገንዘብ ስላልተቀበላችሁ ሕጋዊ አይሆንም።

ታዲያ ያን ንድፍ ለጓደኛ ማካፈል አይቻልም? ይቻላል፣ ግን በሌላ መንገድ። አንደኛ፣ ዋናውን ወረቀት ራሱን አውሱ ወይም ስጡ። እኔና አምስት ጓደኞቼ የንድፍ ዕቁብ አለን። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እያንዳንዳችን አንድ ዋና መጽሔት ይዘን እንመጣለን፣ ዕጣ እናወጣለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ወር ሙሉ ሠርተን እንመልሳለን። ዳኛዋ ማን ምን እንደወሰደ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሁለተኛ፣ ዘዴው የማንም አይደለም። ሕግ የሚጠብቀው የተጻፈውን ቃል፣ ሥዕሉንና ፎቶውን ነው፤ የአሠራር ዘዴን አይደለም። የአናናስ ቅርጽ ያለው ዳንቴል እንዴት እንደሚሠራ በራሳችሁ አማርኛ፣ በራሳችሁ ሥዕል፣ በራሳችሁ ፎቶ ብትጽፉ ያ የእናንተ ጽሑፍ ነው። የሌላውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መተርጎም ግን ከዚህ አይቆጠርም።

ሦስተኛው ደግሞ ሕጋዊ የሆኑትን ምንጮች መጠቆም ነው። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የ1940ዎቹን የሹራብ ንድፎች በነፃ አውጥቷል። አንቲክ ፓተርን ላይብረሪ የሚባለው ስብስብ ጊዜያቸው ያለፈ የመርፌ ሥራ መጻሕፍትን በነፃ ይሰጣል። ሪቻርድ ረት የሚባሉ የእንግሊዝ ጳጳስ ነበሩ፤ ሹራብ ሠሪም የሹራብ ታሪክ ጸሐፊም ናቸው። የሰበሰቧቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሹራብ መጻሕፍት ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ፣ ዊንቸስተር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ተቀድተው ማንም እንዲያነባቸው ተለቀዋል። (ጳጳስ ሹራብ ሲሠሩ አስቡት። እናቴ ይህን ስነግራት ሁለቴ አማተበች።) እንዲህ ካለ ቦታ ያገኛችሁትን ፋይሉን ሳይሆን አድራሻውን ላኩ። ሰውየዋ ከምንጩ ታወርደዋለች፤ የተሻለ ጥራትም ታገኛለች።

4. ቅጂው

ስካነር ካለ 300 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መጠን ነው) ለጽሑፍ ይበቃል። በትናንሽ ካሬ የተሣለ ንድፍ ከሆነ 600 አድርጉት። ስልክ ብቻ ካላችሁም አትጨነቁ። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ ያዙ፤ ካጋደላችሁት ካሬው ሁሉ ትራፔዞይድ ይሆንና መቁጠር አይቻልም።

ሽፋኑን ጨምሮ ሁሉንም ገጽ አንሱ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ ግራ ሲያጋባ ትከሻው የት ጋ እንደሚያልቅ የሚያሳየው እሱ ነው።

ጠርዝ ላይ የተጻፈውን የእርሳስ ጽሑፍ አታጥፉ። አትቁረጡም። አንድ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ንድፍ ላይ «24» ከሚለው አጠገብ በእርሳስ «26» ተጽፎ አገኘሁ። «የማታውቅ ሴት ጻፈችው» ብዬ የታተመውን ተከተልሁ። የአንገቱ ሁለት ጎን አልገጥም አለኝ። ፈትቼ ቆጠርሁት። ባለ እርሳሷ ልክ ነበረች። የድሮ ኅትመት ስሕተት አያጣውም፤ ያንን ያረሙት ሠርተው ያዩት ሴቶች ናቸው።

ከመላካችሁ በፊት አጉሉና ቁጥሮቹን አንብቡ። 3 እና 8፣ 1 እና 7 በደበዘዘ ቀለም አንድ ይመስላሉ። ያጠራጠራችሁን ከዋናው ላይ አረጋግጡና መፍቻው ላይ በግልጽ ጻፉት።

5. መፍቻው

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን ይኑርበት?

መጀመሪያ አገሩና ዓመቱ። ዓመቱ ካልታተመ ከዋጋው፣ ከፀጉር አሠራሩና ከክሩ ስም ትገምታላችሁ፤ ግምት ከሆነ «በግምት» በሉ። አገሩ ግን የግድ ነው፤ ያለ እሱ ቁጥሮቹ ትርጉም የላቸውም።

ከዚያ መርፌው፣ ሁልጊዜ በሚሊ ሜትር። የእንግሊዝ የድሮ ቁጥር ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መርፌው ይቀጥናል፤ የአሜሪካው በተቃራኒው ይወፍራል። በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

የእንግሊዝ 14፣ የአሜሪካ 0፦ 2 ሚሊ ሜትር
የእንግሊዝ 12፣ የአሜሪካ 2፦ 2.75 ሚሊ ሜትር
የእንግሊዝ 10፣ የአሜሪካ 3፦ 3.25 ሚሊ ሜትር
የእንግሊዝ 9፣ የአሜሪካ 5፦ 3.75 ሚሊ ሜትር
የእንግሊዝ 8፣ የአሜሪካ 6፦ 4 ሚሊ ሜትር
የእንግሊዝ 7፣ የአሜሪካ 7፦ 4.5 ሚሊ ሜትር
የእንግሊዝ 6፣ የአሜሪካ 8፦ 5 ሚሊ ሜትር
የእንግሊዝ 4፣ የአሜሪካ 10፦ 6 ሚሊ ሜትር

7 ቁጥር ላይ ሁለቱ አገሮች ተገናኝተው ይተላለፋሉ። የአክስቴ ልጅ ንድፍ 7 ቁጥር ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ቀጥሎ ክሩ። ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ክር ዛሬ ገበያ ላይ አይገኝም፤ ስሙን መፈለግ ድካም ነው። ክብደቱን ወደ ግራም ቀይሩ። 1 አውንስ 28.35 ግራም ነው፤ 8 አውንስ ካለ 227 ግራም ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን ግራም ብቻውን አይበቃም። ጥጥ ከሱፍ ይከብዳል፤ በተመሳሳይ ግራም የጥጡ ክር ያጥራል። ስለዚህ ሠርታችሁት ከሆነ የተጠቀማችሁበትን ክር ውፍረት ንገሯት። ቀላሉ ዘዴ ማስመሪያ ላይ ክሩን ጎን ለጎን መጠምጠም ነው። ሳትጎትቱ፣ ሳታላሉ። በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዙር ገባ? ያንን ቁጥር ጻፉ። መርካቶ የሚገዛውን ክር ስሙን የማታውቅ ሴት እንኳ በዚህ ታገኘዋለች።

ከዚያ የጥብቀቱ ልኬት፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን ይገባል የሚለው። እንግሊዞች «ቴንሽን» ይሉታል፣ አሜሪካኖች «ጌጅ»። የድሮ ንድፍ የሚናገረው በኢንች ነው። «በኢንች 5 ተኩል» ካለ በ2.54 አካፍላችሁ በ10 አባዙት፤ 21 ተኩል አካባቢ ይመጣል። ይህ መስመር ከመርፌው ቁጥር ይበልጣል። እጃችን ይለያያል፣ አንዷ ታጠብቃለች፣ አንዷ ታላላለች። የዓይኑ ብዛት ከገጠመ መርፌው ስንትም ቢሆን ሹራቡ ይሆናል።

የሰውነት ልክ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የ1940ዎቹ የእንግሊዝ የሴት ንድፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ልክ ብቻ ነው ያለው፤ ደረት 32 ወይም 34 ኢንች፤ ወደ ሳንቲ ሜትር ሲለወጥ 81 ወይም 86። ወገቡ አጭር፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ነው። ፋሽኑ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ልብስ ከጁን 1941 እስከ ማርች 1949 በራሽን ነበር፤ የሹራብ ክርም በኩፖን ይቆረጥ ነበር። ክር ያጣች ሴት ሹራቧን አታስረዝምም። ስለዚህ መፍቻው ላይ «ሲያልቅ ደረቱ ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር ይሆናል» ብላችሁ ጻፉ። «ስሞል» ወይም «ሚዲየም» አትበሉ፤ የዛሬ ሚዲየም እዚያ ውስጥ አይገባም።

መጨረሻ ላይ ምህጻረ ቃላቱ። እዚህ ጋ ሦስት ወጥመድ አለ።

አንደኛው ኪሮሽ ላይ ነው። እንግሊዞች «ደብል» የሚሉትን አጭሩን ዓይነት አሜሪካኖች «ሲንግል» ይሉታል። እንግሊዞች «ትሬብል» የሚሉት ረጅሙ አሜሪካ ሲደርስ «ደብል» ይሆናል። ስሙ አንድ፣ ሥራው ሌላ። የአሜሪካን ንድፍ በእንግሊዝ አነባበብ ብትሠሩት ዳንቴሉ ተኮማትሮ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ይሆናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ንድፍ ላይ «ሲንግል» የሚል ቃል ደጋግሞ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካዊ ነው።

ሁለተኛው «አንድ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ ነው። በዛሬ ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ ሳይተው መጨመር ማለት ነው። በድሮ የእንግሊዝ ንድፍ ግን ብዙ ጊዜ ክሩን መርፌው ላይ ጠምጥሞ ቀዳዳ መተው ነው። ቀዳዳ ያለው የጌጥ ሹራብ ከሆነ ፎቶውን እዩና ወስኑ።

ሦስተኛው ጀርመንኛ ነው። ጀርመኖች ቀጥተኛውን ዓይን «ቀኝ»፣ የሚገለበጠውን «ግራ» ይሉታል። ይህን ለስልክ መተርጎሚያ ብትሰጡት «ሁለት ቀኝ፣ ሁለት ግራ» ይላችኋል። የሰልፍ ልምምድ እንጂ ሹራብ አይመስልም። መፍቻው ላይ አንድ መስመር ብትጽፉ ይህ ሁሉ ይቀራል።

6. ወረቀት ከሌለስ?

ከሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከቡፌው መስታወት ኋላ። ዳንቴል የሌለበት የድሮ ሳሎን አላውቅም። አብዛኛው ከወረቀት አልተሠራም። ጎረቤት ቤት ተይቶ፣ «እስኪ ላንዳፍታ አውሺኝ» ተብሎ፣ ናሙናው ተቆጥሮ ነው። ያቺ ሴት ስትሄድ ቆጠራዋም አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ ዳንቴሉ ካለ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አውርዱት።

በቅድሚያ ባለቤቷን ጠይቁ። የማን እጅ ሥራ እንደሆነና ከማን እንዳየችው ጻፉ። ብዙዎቹ «ኧረ ይሄ ምን አለው» ብለው ይስቃሉ፤ ስማቸው ሲጻፍ ግን ደስ ይላቸዋል። እሷ አታካፍሉት ካለች አለቀ።

ከዚያ እጠቡት። የድሮ ዳንቴል እንዲቆም በስኳር ውሃ ወይም በስታርች ይነከር ነበር። በስኳር የደረቀ ክር ተጣብቆ አይቆጠርም። (ጉንዳንም ይጠራል፤ የልጅነት ትዝታ ነው።) ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት፣ አትሹት፣ በፎጣ አድርቁትና ጥቁር ጨርቅ ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በስፒል ወጥሩት። ነጭ በነጭ ላይ አይታይም። ጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ ከላይ ቀጥ ብላችሁ ፎቶ አንሱ።

አራት ማዕዘን በካሬ የተሠራ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የልጆችን ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ውሰዱ። የተሞላውን ካሬ አጥቁሩ፣ ባዶውን ተዉት። ወፉም አበባውም ፊደሉም በዚህ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ አንድ ካሬ ሦስት ዓይን ነው፣ መጨረሻ ላይ አንድ መዝጊያ ይጨመራል። 40 ካሬ ወርድ ያለው 121 ዓይን ይሆናል። ይህን ቁጥር ከሥሩ ጻፉ።

ክብ ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁሉንም አትቁጠሩ። ክብ ዳንቴል ተደጋጋሚ ነው። መጀመሪያ ስንት ቦታ እንደተከፈለ እዩ፤ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንዷን ቁራጭ ብቻ ከመሐል እስከ ጠርዝ ጻፉ። የምትቆጥሩትን ቁራጭ ግራና ቀኝ በቀይ ክር አስሩ፤ አለበለዚያ ስልክ ሲጠራ የት እንደነበራችሁ ይጠፋችኋል። አንድ ዙር አንድ መስመር ይሁን፦ «ዙር 4፦ 3 ረጅም፣ 2 ሰንሰለት፣ 3 ረጅም፤ ስምንት ጊዜ» እያላችሁ። መሐሉ የደከመና የተበጠሰ ከሆነ ከጠርዝ ወደ ውስጥ ሂዱ።

ቆጠራችሁ ልክ መሆኑን የምታውቁት ስትሠሩት ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዙሮች ሥሩ። ጠርዙ ሞገድ ካወጣ በዝቷል። ወደ ላይ ተነስቶ እንደ ሳህን ከሆነ አንሷል። ሙሉ ለሙሉ በረጅሙ ብቻ የሚሠራ ጠፍጣፋ ክብ በየዙሩ 12 ያህል ይጨምራል፤ በአጭሩ ከሆነ 6 ያህል። ሰንሰለት የበዛበት ጌጥ ይህን አይከተልም፣ ግን መሐሉ ላይ ለመፈተን ይረዳል።

ክሩንም አትርሱ። የዳንቴል ጥጥ ቁጥር ከፍ ሲል ይቀጥናል። በ20 ቁጥር የተሠራውን በ10 ቁጥር ብትሠሩት ንድፉ ያው ነው፣ የዳንቴሉ ልክ ግን ይለወጣል።

7. አስፈትኑት

መፍቻውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለአንዲት ሠሪ ስጡ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ እሷ ስትሠራ እናንተ አትናገሩም። ደውላ ከጠየቀች፣ የጠየቀችው ነገር መፍቻው ላይ የጎደለ ነው። መልሱን በስልክ አትንገሯት፣ ጻፉትና መልሳችሁ ላኩ። ሙሉ ሹራብ አያስፈልግም። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይበቃል። ለዳንቴል አምስት ዙር።

እኔ መጀመሪያ ሳስፈትን ስምንት ጊዜ ተደወለልኝ። መፍቻዬ የሚገርም ይመስለኝ ነበር።

8. አላላክ

ገጾቹን ሁሉ በአንድ ፒዲኤፍ ሰብስቡ፤ መፍቻው መጀመሪያ ይሁን። መጨረሻ ላይ ከሆነ ማንም አያየውም። በቴሌግራም ስትልኩ «ፎቶ» ብላችሁ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። በፎቶ ሲሄድ ጥራቱ ስለሚቀነስ ትንንሾቹ ካሬዎች ይጨፈለቃሉ። የፋይሉ ስም ራሱ ይናገር፦ «የሕፃን ሹራብ፣ እንግሊዝ፣ 4 ሚሜ፣ 22 ዓይን»። ስልክ የሚሰጠው ረጅም ቁጥር ከወር በኋላ ለማንም አይገባም።

በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ከየት እንደመጣ አንድ መስመር ጻፉ። መጀመሪያ ገጽ ላይ ብቻ ከጻፋችሁ አንዷ ሦስተኛውን ገጽ ለብቻው ታስተላልፋለች፣ ቀጣይዋ ደግሞ የራሷን የሱቅ ስም ትለጥፍበታለች። አይቻለሁ። የአንዲት ጎረቤታችን ዳንቴል በሌላ ሰው ስም ሲሸጥ ያየሁት እንዲህ ነው።

ስሕተት ስትነገሩ ፋይሉን አርሙና ቀን ጻፉበት፤ «የታረመ፣ ጥር 2017» እንደማለት። አሮጌውን አጥፉት። ሁለት ዓይነት ፋይል ከዞረ ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው የተሳሳተውን ነው።

የአክስቴ ልጅ ንድፍ አሁን አራተኛ እርማቱ ላይ ነው። መጀመሪያው መስመር በደማቅ እንዲህ ይላል፦ «መርፌ 4 ሚሊ ሜትር። 8 ቁጥር ብለሽ እንዳትገዢ።» ሰፊውን ሹራብ አልፈታችውም። ልጁ ሲያድግ ይሆነዋል ብላ ነበር፤ ቁመቱ አልደረሰም። አሁን የሶፋ ትራስ ለብሶታል።